ቁጥር ስላልነበራት ጥጃና ቁጥር ስለማያስፈልጋቸው ዝንቦች

ለክቡር የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎ ጤና፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ ጤና፣ እንዲሁም ጠዋት ገብታ ማታ እስክትወጣ በቢሮዎ ጥላ ሥር የምትውለው የመኪናዎ ጤና እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፤ እሱም ቢሆን በጽሕፈት ቤትዎ ደጅ ላይ ብዙ ከመቆም የመጣ ስለሆነ እንደ ውለታ ቆጥሬዋለሁ።

ምናልባት አያውቁኝ ይሆናል። ከግቢዎ ጀርባ፣ ግንቡ ለሁለታችን የጋራ በሆነበት በኩል የምኖር፣ ሁለት ላሞች ያሉኝ፣ ባለቤቴ ከሁለት ዓመት በፊት ያረፈችብኝ ሰው ነኝ። ከቢሮዎ መስኮት ወደ ጓሮ ቢመለከቱ ቆርቆሮው የዛገው በረት የእኔ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ በመሆኑ በጽሑፌ ውስጥ ለሚያገኙት ግድፈት ሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጄ ረቂቁን በስልክ ሳነብላት «አባዬ፣ የሆነውን ብቻ ጻፍ፤ ክቡር ክቡር አታብዛ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ክብሩን ቀንሼ ሳየው የሚቀረው ነገር ለአደባባይ የማይሆን ስለመሰለኝ እንዳለ ትቼዋለሁ።

ደብዳቤውን በግልጽ ማውጣቴም ከድፍረት አይቆጠርብኝ። በአካል ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በአራተኛው ቀን ዘበኛዎ አዝኖልኝ ወንበሩን ለቀቀልኝና «ጋሼ፣ እሳቸውን በዓይን ከመፈለግ በጽሑፍ መፈለግ ይቀላል» አለኝ። ምክሩን ተቀብዬ አንዱን ቅጂ ለመዝገብ ቤትዎ፣ ሌላውን ለአካባቢያችን ጋዜጣ እሰጣለሁ።

ጉዳዩ ረጅም አይደለም። ዳለቻዋ ላሜ የወለደቻት ጥጃ በዝንብና በትል ምክንያት ከሞት ደጃፍ ደርሳ ተመልሳለች። ሁለተኛዋ ላሜ ቡሬ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትወልዳለች። በመጀመሪያዋ የደረሰው በሁለተኛዋ እንዳይደገም የጽሕፈት ቤትዎን ድጋፍ፣ ድጋፉ ካልተቻለም ዕረፍቱን፣ ለመለመን ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ምስጋናዬንና አቤቱታዬን ቀላቅዬ እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ጉርብትናችን።

በግቢዎ በር ላይ ያለውን ትልቅ ሥዕል ሳላመሰግን ማለፍ አልፈልግም። ከጥጃ የሚበልጥ ዝንብ ተሥሎበት፣ በላዩ ቀይ መስመር ተሰምሮበት፣ ከሥሩ «ዝንብን ከምንጩ እናድርቅ» ይላል። ሥዕሉ እጅግ ያማረ ከመሆኑ የተነሳ እውነተኞቹ ዝንቦች ሳይቀሩ ሊያዩት መጥተው ሲያርፉበት በዓይኔ አይቻለሁ። ቅሬታዬ በሥዕሉ ላይ አይደለም። ለሕክምና መጥተው ግቢዎ ውስጥ የሚታሰሩት ከብቶች የጣሉት እበት ተጠርጎ የሚከመረው ከእኔ ጋር በምንጋራው ግንብ ሥር ነው። ክምሩ አሁን ከግንቡ እኩል ሆኗል፤ በሚቀጥለው ወር ወደ እኔ ግቢ አሻግሮ ማየት ሳይጀምር አይቀርም። ዝናቡ ጣል ባደረገና ፀሐይ በወጣ ቁጥር ከውስጡ የሚነሳው ጩኸት ከሩቅ ሲሰሙት የወፍጮ ቤት ይመስላል።

የጽዳት ሠራተኛዎን በአክብሮት ጠይቄው ነበር። «ጋሼ፣ መጥረግ የእኔ ነው፤ ማንሳት የሌላ ክፍል ነው» አለኝ። የሚያነሳው ክፍል የቱ እንደሆነ ብጠይቀው መጥረጊያውን ተደግፎ ለረጅም ጊዜ አሰበና «እሱ ክፍል ገና አልተቋቋመም መሰለኝ» አለ። ዝንቦቹ እስኪቋቋም አልጠበቁም፤ ያለ ቅጽ፣ ያለ ፊርማና ያለ ተራ ግንቡን ተሻግረው በቀጥታ በረቴ ይገባሉ። ከእርስዎ ግቢ ወጥቶ እንዲህ ያለ ፈጣን አገልግሎት የሚሰጥ ሌላ ክፍል እስካሁን አላየሁም።

2ኛ. ስለ ዓርብ ጠዋት።

ዳለቻ የወለደችው ዓርብ ጎህ ሲቀድ ነው። ቡናማ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት ሴት ጥጃ ናት። እናቷ ልሳት ሳትጨርስ ጥጃዋ ተነሥታ ወደቀች፤ ደግማ ተነሥታ እንገር ጠባች። ፈጣሪዬን አመሰግኜ፣ እጄን ታጥቤ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮዎ ሲከፈት ደጁ ላይ ነበርኩ። እትብቷ ገና እርጥብ ነበረና የእትብት መድኃኒትና የዝንብ መከላከያ እንዲሰጠኝ ነበር የመጣሁት።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ጨዋ ሴት ናቸው፤ እንዲህ መልካም ሰው ስለመደቡልን አመሰግናለሁ። «እንኳን ደስ ያለዎት አባቴ፤ የጆሮ ቁጥሯን ይንገሩኝ» አሉኝ። ጥጃዋ ከተወለደች ሁለት ሰዓት እንደሆናት፣ ጆሮዋም ገና እንዳልደረቀ አስረዳሁ። እሳቸውም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ በእውነት አዝነው፣ «ቁጥር ከሌላት ለየትኛዋ ጥጃ ብዬ ነው መድኃኒት የማወጣው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለዳለቻ ልጅ ብዬ መለስኩ። ቅጹ ላይ ለእናት ስም የሚሆን ቦታ እንደሌለ አሳዩኝ። የጆሮ ቁጥር የሚሰጠው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ መሆኑንም ነገሩኝ፤ ባዶ እጄን እንዳልመለስ ብለውም የጽሕፈት ቤትዎን የምክር ወረቀት ሰጡኝ።

ወረቀቱን ቤት ገብቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በደማቁ «የጥጃ እትብት በተወለደች በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ በመድኃኒት መነከር አለበት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ በዚያው ድምቀት፣ «ጽሕፈት ቤቱ ካደለው በስተቀር ማንኛውንም መድኃኒት በጥጃ ላይ መጠቀም በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል፤ ማኅተምም አለበት። እኔ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያይ ኮፍያውን የሚያወልቅ ትውልድ ነኝ። ሁለቱን ትእዛዞች አስታርቄ ለመፈጸም ብዙ ካሰብኩ በኋላ ያገኘሁት መፍትሔ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ላሚቱ ሐሙስ ጠዋት፣ በሥራ ሰዓት፣ ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት እንድትወልድ ማድረግ ነው። ለዳለቻ ጊዜው አልፎባታል። ቡሬን ግን በየቀኑ እየመከርኳት ነው፤ እስካሁን በጎ መልስ አልሰጠችኝም።

እስከ ሐሙስ ባሉት ቀናት አቅሜ የፈቀደውን አደረግሁ። በምክር ወረቀትዎ አራገብኩላት፤ ወረቀቱ ወፍራምና ጠንካራ በመሆኑ ዝንብ ለማባረር ከቅጠል ይሻላልና ለዚህም አመሰግናለሁ። እጄ ሲዝል ከአልጋዬ ላይ አጎበሬን አውርጄ ጥጃዋ በተኛችበት ጥግ ዘረጋሁላት። እኔ በትንኝ እየተበላሁ እሷ እንደ ባለጸጋ ልጅ በነጭ መጋረጃ ውስጥ ተኛች። ደስታችን የቆየው አንድ ቀን ተኩል ነው። ዳለቻ ልጇን የከለለባት ምን እንደሆነ ለማወቅ አንገቷን ዘርግታ የአጎበሩን ግማሽ አኝካ በላችው። የተረፈውን ግማሽ በአራተኛ ጉብኝቴ ጊዜ በፌስታል ይዤ መጥቼ ነበር፤ ለማስረጃነት የሚሆን ቅጽ የለም ተባልኩ።

3ኛ. ስለ ሐሙስ።

ሐሙስ ዕለት ጥጃዋን በእጅ ጋሪ ላይ ጭድ አንጥፌ፣ አንገቷን ደግፌ አመጣኋት። ከፊታችን አሥራ አራት ጥጆች ነበሩ። ቁጥር የሚሰጡት ሐኪምዎ በሰፈራችን «ዶክተር ነገ» ይባላሉ፤ ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ሳገኘው ተሰጥቶ ያለቀ ነበር። በዚያን ቀን ግን ነገ ሳይሉ በእውነት ሠሩ። አንድ ጆሮ መብሻ ይዘው አንዱን ጥጃ በስተው በነጭ ካፖርታቸው ጠረግ፣ ሌላውን በስተው ጠረግ እያደረጉ እኛ ዘንድ ሲደርሱ ካፖርታቸው የሥጋ ሻጭ መስሎ ነበር። መሣሪያው የሚታጠብበት ነገር ይኖር እንደሆነ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ብጠይቅ፣ «አባባ፣ ይሄ ለቁጥር ነው እንጂ ለሕክምና አይደለም» አሉኝ። ልዩነቱን ስላስረዱኝ ባለ ዕዳ ነኝ። ዝንቦቹ ልዩነቱን አልተረዱትም፤ ደሙ ሳይረጋ ጆሮዋ ላይ ሰፈሩ።

እንግዲህ ቁጥር አለንና መድኃኒቱን ልንቀበል ወደ መጋዘኑ ሄድን። መጋዘኑ ተቆልፏል። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ የመጋዘን ኃላፊው ለሦስት ቀን ሥልጠና መሄዳቸውን ይገልጻል። የሥልጠናው ርእስ «ጨቅላ ጥጆችን ከዝንብና ከጥገኛ ተውሳክ መከላከል» ይላል። እኔ፣ ጥጃዬና በጆሮዋ ላይ ያሉት ዝንቦች በአንድነት በሩ ፊት ቆመን አነበብነው። ሥልጠናው ፍሬያማ እንደነበር፣ ምሳውም እንደተስማማቸው ተስፋ አደርጋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጥጃዋ አልጠባችም። አንገቷን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ዝም አለች። እኔም ረጋ ያለች መስሎኝ ጨዋነቷን አደነቅሁ። ወተት ልትወስድ የመጣችው ጎረቤቴ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆማ አየቻትና ጣሳዋን መሬት አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ይቺ ጥጃ ዝም ያለችው ጨዋ ሆና መሰለዎት? ትል እየበላት እኮ ነው» አለችኝ። የጆሮዋን ጠጉር ገለጥ ስታደርገው አየሁ። ገልብጣም እምብርቷን አሳየችኝ። ያየሁትን ለክቡርነትዎ አልዘረዝርም፤ ምናልባት ይህን የሚያነቡት ቁርስ ላይ ሆነው ይሆናል።

ሴትየዋ ሄዳ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ክር የምትለቅምበትን ወረንጦ ይዛ መጣች። እኔ ውኃ አፍልቼ ጨው ጨመርኩበት። ጥጃዋን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ያዝኳት፤ እሷ አንድ በአንድ ትለቅማለች። መጀመሪያ ትቆጥር ነበር፤ ስድሳ ሦስት ስትደርስ «ተዉት ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር እንኳን ለእርስዎ ለጽሕፈት ቤቱም ይበዛል» ብላ አቆመች። በመካከል ልጄ ደወለችና ስልኩን ጆሮዬና ትከሻዬ መካከል አስገብቼ ስታዘዝ ቆየሁ። «አባዬ፣ አሁኑኑ ፋርማሲ ሰው ላክና አዮዲን ይምጣ» አለች። የተከለከለ መሆኑን ነገርኳት። «ማን ነው የከለከለው? እስቲ ስልኩን ስጠው» አለች። ክቡር ሆይ፣ በዚያች ሰዓት እዚያ ባለመኖርዎ ምን ያህል ዕድለኛ እንደሆኑ እኔ ነኝ የማውቀው።

አዮዲኑ መጣ። የጽሕፈት ቤትዎን ክልከላ በሁለት ምስክሮች ፊት፣ በእምብርቷና በጆሮዋ ላይ፣ በጠዋትና በማታ፣ ለዘጠኝ ቀናት ያህል በተከታታይ ጥሻለሁ። በሕግ የሚያስጠይቀኝ ከሆነ አድራሻዬ ከመስኮትዎ ይታያል። በአራተኛው ቀን ጥጃዋ ጣቴን መጥባት ጀመረች፤ በስድስተኛው እናቷን በጭንቅላቷ ጎሸመቻት። ያን ቀን ልብስ ሰፊዋና እኔ በረቱ ውስጥ በባልዲ ላይ ተቀምጠን እንደ ሕፃን ሳቅን።

4ኛ. ስለ ጠፋው ጆሮ።

ጥጃዋ ተረፈች፤ የግራ ጆሮዋ ግማሽ ግን ከነቁጥሩ ወደቀ። ቁጥሩን ከጭድ ውስጥ ፈልጌ፣ አጥቤ፣ በመሐረብ ጠቅልዬ አመጣሁላችሁ። ሠራተኛዋ መመሪያውን አገላብጠው ቁጥሩ ከጆሮ ከተለየ ጥጃዋ በመዝገቡ ላይ እንደሞተች እንደምትቆጠር ነገሩኝ፤ ወዲያውም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ሞታለች» ብለው ጻፉ። በማግስቱ ሟቿን በገመድ ይዤ መጣሁ። ደጁ ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ ጮኸች፤ ከዚያም የመዝገብ ቤቱን መጋረጃ ጫፍ መጥባት ጀመረች። ሠራተኛዋ በጣም ወደዷት፤ ግንባሯንም አሻሹላት። ነገር ግን ሕይወት ያላት መሆኗን የሚገልጽ ማስረጃ ከሐኪሙ መምጣት እንዳለበት አስረዱኝ። ሐኪሙ ያሉኝን ቀን መገመት ለእርስዎ አያዳግትዎትም።

ቀኝ ጆሮዋ ሙሉ ስለሆነ ቁጥሩ በዚያ በኩል ይሁንልኝ ብዬም ጠይቄ ነበር። መመሪያው ግራ ስለሚል አይቻልም ተባልኩ። መልካም ነው። ጥጃዋ አሁን በመዝገብዎ ሙታን መካከል ሆና በቀን ሁለት ጊዜ ወተት ትጠጣለች።

5ኛ. ስለ ራሴ።

ይህኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በእኔ ላይ ነው። የሚቀርብበትን ቢሮ ስላላወቅሁ ከሌሎቹ ጋር አብሬ አስገብቼዋለሁ።

ባለቤቴ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ጥጆች አሳድጋለች። በዝንብ የሞተባት አንድም አላስታውስም። እኔ አላፊ አግዳሚው «ከብቶችህ ያምራሉ» ሲለኝ አንገቴን ቀና አድርጌ አመሰግን ነበር። ልብስ ሰፊዋ ያን ቅዳሜ ትሉን እየለቀመች «እሷ እኮ ጥጃዋ ሳትቆም ነበር እትብቷን አዮዲን ውስጥ የምትነክረው፤ ደግሞ በየጠዋቱ ከጭዱ እርጥቡን አውጥታ ደረቁን ታነጥፍ ነበር፤ አላዩም?» ብላ ጠየቀችኝ። አላየሁም። በበረቱ መደርደሪያ ላይ አንዲት ቡናማ ጠርሙስ ሁልጊዜ እንደነበረች ግን አውቃለሁ። ለተሰነጠቀ እጇ የምትቀባው መስሎኝ ነበር። ስትሞት ከልብሷና ከመነጽሯ ጋር ሳጥን ውስጥ አድርጌ ቆለፍኩባት። ሥራዋን ከመታሰቢያዋ ጋር አብሬ ቆለፍኩ ማለት ነው።

ሌላም አለ። ከዓርብ እስከ ቅዳሜ ባሉት ቀናት ዝንቡ እምብርቷ ላይ ሲቀመጥ ዓይኔ እያየ ነበር። ፋርማሲው ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም። ያልሄድኩት ሕግ አክባሪ ስለሆንኩ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግረው ሰነበትኩ። ለጸሎት ቆሜ ስመረምረው ግን እንዲያ አልሆነም። የእርስዎ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ምን እንደማደርግ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። መጠየቅ ደግሞ ያቺ ሴት በጓሮዬ ሃያ ሰባት ዓመት ስትሠራ አንድ ቀን ዞር ብዬ አለማየቴን በአንደበቴ መመስከር ነበር። ማኅተምዎ ከዚያ እፍረት ሸሸገኝ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ አንድ ነገር የማመሰግንዎ ያለ ምንም ምጸት ነው፤ ይቅርታ የምጠይቀውም ከእርስዎ አይደለም።

ሳጥኑን ከፍቼ ጠርሙሷን አውጥቻታለሁ። በውስጧ ያለው ደርቋል። ልጄ «ጣላትና አዲስ ግዛ» ብላኛለች። አዲሱን ገዝቻለሁ፤ አሮጌዋን ግን አልጣልኳትም።

ከዚህ በላይ ከዘረዘርኩት በመነሣት፣ ቡሬ ከመውለዷ በፊት የሚከተለውን እንዲያደርጉልኝ እለምናለሁ። የእትብቱ መድኃኒት ለጥጃዋ ሳይሆን ላረገዘችው ላም ባለቤት አስቀድሞ ይሰጥ፤ የላም ሆድ ከማንኛውም ቅጽ በላይ ግልጽ ማስረጃ ነው፤ የሚጠራጠር ሠራተኛ ካለ መጥቶ እጁን ጭኖ መመርመር ይችላል። ጆሮ መብሻው በአንዱ ጥጃና በሌላው መካከል ይታጠብ፤ ባልዲና ሳሙና ከሌላችሁ እኔ አውሳችኋለሁ። ዝንቡ በበዛበት ወቅት ጆሮ መብሳቱ ይቆይ፤ ጥጃ ቁጥር ሳይኖራት መኖር ትችላለች፤ ቁጥሩ ግን ጥጃ ሳትኖር ምን እንደሚሠራ አላውቅም። ክምሩንም በሚመለከት፣ የሚያነሳው ክፍል እስኪቋቋም ድረስ እኔና ልብስ ሰፊዋ አካፋ ይዘን በራችሁ ለመግባት ፈቃድ እንጠይቃለን። ፈቃዱ የሚሰጠው ሐሙስ ብቻ ከሆነም ሐሙስ እንመጣለን።

በሚቀጥለው ወር በምታካሂዱት የዝንብ መከላከል ሳምንት ላይ በክብር እንግድነት ንግግር እንደሚያደርጉ ሰምቻለሁና ፈጣሪ አንደበትዎን ያቅናልዎ። ቢቻል ግን ድንኳኑ የክምሩ ሽታ በማይነፍስበት በኩል ይተከል፤ ይህን የምለው ለእንግዶችዎ አስቤ ነው።

ከጽሕፈት ቤትዎ በአንድ ግንብ ውፍረት ብቻ የተለየሁ፣ ከግቢዎ የሚላኩልኝን ዝንቦች ከዓመት እስከ ዓመት ሳላጓድል የማስተናግድ፣ ሕግዎን ለስምንት ቀን ያከበርኩና ለዘጠኝ ቀን የጣስኩ፣ ጥጃዬን በሞት መዝገብዎ ያስመዘገብኩ፣ ዕድሜና ጤና ከሰጠኝም ሐሙስ ሐሙስ ከደጅዎ የማልጠፋ፣

ትሑት ጎረቤትዎ፣
ባለ ሁለት ላሙ

ግልባጭ፦
ለመጋዘን ኃላፊው፣ ከሥልጠና ሲመለሱ
ለዶክተሩ፣ ነገ እንዲያነቡት
ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ፣ ወረንጦዋን ከማመስገን ጋር

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ጨርሼ ለማሸግ ስነሣ ቡሬ ከቀኗ ቀድማ፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ወለደች። ወንድ ነው፤ እንደ እናቱ ቡራቡሬ ነው። እትብቱን ጠርሙስ ውስጥ የነከርኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ግማሹን ጫማዬ ላይ አፍስሼዋለሁ፤ ልብስ ሰፊዋ ግን «ይበቃል፣ ደርሷል» ብላ አጽድቃልኛለች። ሦስት ቀን ሆኖታል፤ እምብርቱ ደርቋል፤ አንድም ዝንብ አላረፈበትም። አላስመዘገብኩትም፤ ዝንቡ እስኪቀንስ ድረስም የማስመዝገብ ሐሳብ የለኝም። ይህን በጋዜጣ አውጥቼ ምሥጢር ጠብቁልኝ ማለቴ ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን መዝገብ ቤትዎን አስቀድሜ ስጠይቅ አንድ ደብዳቤ ቁጥር እስኪወጣለት ድረስ ኃላፊው ዘንድ እንደማይገባ ነግረውኛል፤ ቁጥር የሚያወጡት ሰውም ሥልጠና ላይ ናቸው። ስለዚህ ከተማው ሁሉ ቢያውቀውም ምሥጢሬ እርስዎ ዘንድ የተጠበቀ መሆኑን ተማምኜ፣ በሰላም እተኛለሁ።